«የሚጥል በሽታ» ሳይጥል ሲቀር
በዕድሜ መግፋት ስለሚጀምር ኢፒሌፕሲ የቀረበ ሒሳዊ ምልከታ

ኢፒሌፕሲን በአማርኛ «የሚጥል በሽታ» ብለን ስንጠራ ከብዙ ምልክቶቹ አንዱን መርጠን የበሽታው መለያ አድርገነዋል። ስያሜው በሕዝብ ዘንድ የታወቀና ለጤና ትምህርትም የተመቸ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ስያሜ የመርማሪውንም ዓይን ይመራል። የሚወድቅና የሚንፈራገጥ ሰው ሲታይ በሽታው ወዲያው ይታሰባል፤ ሳይወድቅ የሚታመመው ግን ይዘነጋል። በዚህ ጉድለት ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት በሽታው ከ60 ዓመት በኋላ የጀመራቸው አረጋውያን መሆናቸውን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ኢፒሌፕሲ የልጆችና የወጣቶች በሽታ ነው የሚለው አመለካከት በጥናት ከተፈተነ ቆይቷል። ሐውዘርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በሮቼስተር ከተማ ከ1935 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የነበረውን መረጃ መርምረው በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ የሚከሠተው ኢፒሌፕሲ በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት ከፍ ብሎ፣ በጎልማሳነት ዝቅ ካለ በኋላ፣ ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ እንደገና ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። በዚህ ዕድሜ ከሚታወቁት መንሥኤዎች ዋነኛው የአንጎል ምት (ስትሮክ) ነው፤ የመርሳት በሽታ፣ የአንጎል ዕጢና የጭንቅላት ጉዳትም ይከተላሉ። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በአንድ የአንጎል ክፍል የተወሰነ ስለሆነ ሕመሙም ከዚያው ይነሣል። አረጋዊው በንግግር መካከል ዝም ይላል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ ልብሱን ይነካካል፤ ለተጠየቀው አይመልስም። ከዚያ የሚከተለው መደናገር በወጣት ላይ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ሲያልፍ፣ በአረጋዊ ላይ ለሰዓታት፣ አልፎ አልፎም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ቤተሰብ «አባባ ጃጅተዋል» ይላል፤ ሐኪሙም በካርዱ ላይ «መርሳት» ወይም «ማዞር» ብሎ ይጽፋል።

የስያሜው ጉድለት በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። በልብ ምት መዛባት ወይም በደም ግፊት ድንገተኛ መውረድ ራሱን የሳተ አረጋዊ ይወድቃል፤ ለጥቂት ሰከንዶችም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። መውደቅን ብቻ መለያ ያደረገ ሐኪም ለዚህ ሰው የማያስፈልገውን መድኃኒት ሰጥቶ፣ ሕይወቱን የሚያሰጋውን የልብ ሕመም ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ከሀገራችን ሥራዎች መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያካሄዱትና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የመሠረት ድንጋይ ነው። ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ ኢፒሌፕሲ እንዳለባቸውና ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ሕሙማን 1.6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስታውቋል። የዚህ ሥራ ክብር የተጠበቀ ሆኖ፣ በቤት ለቤት መጠይቅ የሚደረግ ማናቸውም ጥናት የሚይዘው በይበልጥ ጎረቤት ያየውንና ቤተሰብ የሚያስታውሰውን ሕመም መሆኑ ሊጤን ይገባል። ሕመሙን ራሱ የማያስታውስና ብቻውን የሚኖር አረጋዊ በእንዲህ ዓይነቱ መጠይቅ አይገኝም። ስለዚህ በሀገራችን አኃዞች ውስጥ የአረጋውያን ቁጥር ማነስ የበሽታው አለመኖር ማስረጃ ተደርጎ ሊጠቀስ አይገባም።

ይህ የቁጥር ክርክር ብቻ አይደለም። ክሊሪና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. በ«ላንሴት» ባወጡት የብሪታንያ ጥናት፣ ቀደም ሲል የአንጎል ምት ሳያገኛቸው በ60 ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ይህ ሕመም የጀመራቸውን 4,709 ሰዎች ከእኩል ቁጥር ሰዎች ጋር አነጻጽረዋል። ሕሙማኑ ወደፊት በአንጎል ምት የመያዝ ዕድላቸው በ2.89 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። እንግዲህ ሳይታወቅ ያለፈ ሕመም የደም ግፊትን፣ ስኳርንና የደም ቅባትን ለመቆጣጠር የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ሳለ ሰሚ አጥቷል ማለት ነው።

በሕክምናው ረገድ ደጋግሞ የሚጠቀሰው ሮዋንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ593 አረጋውያን ላይ ያካሄዱትና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ ነው። ሕመሙን በመግታት ረገድ በሦስቱ መድኃኒቶች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት ግን በላሞትሪጂን 12.1፣ በጋባፔንቲን 21.6፣ በካርባማዜፒን 31 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ ጠቃሚ ቢሆንም ሁለት ነቀፌታዎች ይቀርቡበታል። አንደኛ፣ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ሁለተኛ፣ የተሰጠው ካርባማዜፒን ፈጥኖ ወደ ደም የሚገባው ዓይነት ነበር፤ ሳትሬና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ቀስ ብሎ ከሚለቀቀው ዓይነት ጋር ሲያነጻጽሩት በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል የታየው ልዩነት ጠቧል። እንግዲህ ከሙከራው የሚወሰደው ዋና ትምህርት የአንድ መድኃኒት አሸናፊነት ሳይሆን፣ በአረጋዊ ላይ የመድኃኒት ምርጫ የሚወሰነው ሕመምተኛው ሊሸከመው በመቻሉ መሆኑ ነው።

ይህ ትምህርት በእኛ ዘንድ ይበልጥ ይከብዳል። በጤና ጣቢያዎቻችን ለረጅም ዘመን ዋና መድኃኒት ሆኖ የቆየው ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ፣ ሕመሙን የመግታት ኃይሉም የተመሰከረለት ነው። ነገር ግን አረጋዊን ያፈዛል፤ ሚዛኑን ያስታል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ ዋርፋሪንን የመሰሉ ሌሎች መድኃኒቶችንም ያዳክማል። በመውደቅ ምክንያት የጭን አጥንቱ የተሰበረ አረጋዊ፣ የጣለው በሽታው ይሁን መድኃኒቱ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። ሌላ መድኃኒት በማይገኝበት ስፍራ እንኳ በዝቅተኛ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመርና የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች መመርመር ይቻላል።

ዓለም አቀፉ ፀረ-ኢፒሌፕሲ ሊግ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትርጓሜ፣ ያለ ጊዜያዊ መንሥኤ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ሕመም እንኳ በ10 ዓመት ውስጥ የመደገም ዕድሉ ቢያንስ 60 በመቶ ከሆነ ኢፒሌፕሲ ይባላል፤ ከአንጎል ምት ቢያንስ አንድ ወር ቆይቶ የመጣ ሕመም ምሳሌው ነው። ትርጓሜው መውደቅን መስፈርት አላደረገም። ስያሜውን በአንድ ቀን መለወጥ አይቻል ይሆናል፤ ጥያቄውን መለወጥ ግን ይቻላል። ለአረጋዊው ቤተሰብ «ወድቀው ያውቃሉ?» ከማለት ጋር «ለጥቂት ጊዜ ፈዝዘው፣ ጠርታችኋቸው ሳይመልሱ ቀርተው፣ በኋላም ነገሩን ረስተውት ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ያሻል። ይህ ጥያቄ መሣሪያም ሆነ ወጪ አይጠይቅም፤ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሊቀርብ ይችላል።