ድንጋይ ጠባቂው፦ «ቼዚንግ ኮራል»ን ጋምቤላ ላይ ሳየው

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ቀደም ብሎ መድረስ ልማዴ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ ከከተማ እወጣለሁ፤ ቦርሳዬን አስፈትሼ ጥግ ላይ ያለ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። ማንጎ በፌስታል የቋጠሩ እናቶች፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች፣ ልጁን የታቀፈ ወታደር፣ ሁላችንም ጆሯችንን ለሰማዩ ሰጥተን እንጠብቃለን። ባለፈው ያንን የመጠበቂያ ሰዓት ስልኬ ላይ በጫንኩት አንድ ፊልም አሳለፍኩት። የምጽፈው ስለ ፊልሙ ነው፤ ግን ወንድሜን ሳላነሳ ስለ ፊልሙ ማውራት አይሆንልኝም።

ታናሽ ወንድሜ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የሚኖረው። ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። ቀን ደግሞ ምድር ቤቱ ውስጥ ያስቀመጠውን የመስታወት ገንዳ ይጠብቃል። ገንዳው ውስጥ ራሱ ጨው በጥብጦ ያዘጋጀው ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ኮራል አለ። (ቃሉን ከአፉ የሰማን ቀን «ቆራሌው መጣ እንዴ?» ብለን ስቀንበታል።) እናታችን ስታርፍ ለአርባዋ መጥቶ አምስት ቀን ብቻ ቆየና ተመለሰ። ዘንድሮ ለሙት ዓመቷ ጭራሽ እንደማይመጣ ነገረኝ። «ማን ይጠብቅልኛል ጋሼ?» አለኝ። «ለድንጋይ ብለህ ነው?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። በሁለተኛው ቀን የአንድ ፊልም ስም ላከልኝ፤ ከሥሩም «እባክህ ጋሼ፣ መጀመሪያ ይህን እይ፤ ከዚያ ስደበኝ» የሚል ነበረበት።

ፊልሙ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄፍ ኦርሎውስኪ «ቼዚንግ ኮራል» ነው። ኦርሎውስኪ ከዚያ በፊት «ቼዚንግ አይስ» በሚለው ፊልሙ የበረዶ ግግር ሲቀልጥ አሳይቶናል። አሁን ደግሞ ሪቻርድ ቬቨርስ የሚባል የቀድሞ የለንደን ማስታወቂያ ባለሙያ ኮራሎች ሲሞቱ በካሜራ ለመያዝ ሲነሳ ይከተለዋል። የቬቨርስ ሐሳብ ቀላል ነው፦ የባሕር ችግር ከዓይን መራቁ ነው፤ ሰው ካየ ያዝናል፣ ካዘነ ይነሳል። ስለዚህ በየጊዜው በራሳቸው ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች አሠርተው ባሕር ሥር ተከሏቸው።

ለማያውቅ ሰው ኮራል ድንጋይ ይመስላል፤ እኔም የምለው እንዲያ ነበር። እንስሳ ነው ግን። ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየለቀመ የገዛ አጽሙን ይገነባል። ሥጋው ውስጥ ረቂቅ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው አብዛኛውን ቀለቡን የሚችሉት እነሱ ናቸው። ባሕሩ ከለመደው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ሞቆ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ያን ጊዜ ሥጋው እንደ መስታወት ይጠራና ነጩ አጽም ይታያል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ አውስትራሊያ ካለው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሚገኙት ኮራሎች 29 በመቶ ያህሉ ሞተዋል።

ፊልሙ እንደ ፊልም ይዞ ያስቀምጣል። ኒው ካሌዶኒያ ላይ ኮራሎቹ ከመሞታቸው በፊት እንደ ኒዮን መብራት በሐምራዊና በሰማያዊ ሲያበሩ የሚያሳየው ክፍል ሲመጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወታደር እንኳ አንገቱን አስግጎ «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። ቬቨርስ እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ዓይን ይያዛል።

ነገር ግን ፊልሙ ራሱ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ የሚያውቀውም አይመስለኝም። ያ ሁሉ የተለፋባቸው ካሜራዎች ሲወጡ ምስላቸው ደብዝዞ ተገኘ። የሚፈለገውን ምስል ያመጣው ማሽን አልነበረም፤ ሊዛርድ ደሴት ላይ በየቀኑ እየጠለቁ፣ እያንዳንዱን ኮራል ከአንድ ቦታ በእጃቸው ያነሱ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ዛክ ራጎ ነው። ዛክም የኮሎራዶ ልጅ ነው፤ ባሕር የሌለው፣ ተራራ የበዛበት አገር። ኮራልን የወደደው ቤቱ ውስጥ በመስታወት ገንዳ እያኖረ ነው። ሌሎቹ ሪፍ ሲያዩ እሱ የሚያውቃቸውን ነው የሚያየው። ስለዚህ ሲሞቱ ሌሎቹ ያዝናሉ፤ እሱ ይሰበራል።

ፊልሙ ግን የዛክን ገንዳ እንደ ማስተዋወቂያ ጣል አድርጎ ያልፈዋል። ቅሬታዬ እዚህ ነው። ወንድሜ በስልክ ሲያወራ እየሰለቸኝ የሰማሁትን አሁን ሳስታውሰው፣ ፊልሙ የዘለለው ያንኑ ነው። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ፤ ጨዉ በሊትር 35 ግራም ገደማ፤ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም። ውሃው ሲተን ጨዉ አብሮት ስለማይተን በየቀኑ የተጣራ ንጹሕ ውሃ ይጨመራል። ኮራሎቹ አጽም ሲሠሩ የሚጨርሱት ካርቦኔት በየቀኑ ተለክቶ ይተካል። አክሮፖራ የሚባሉት ባለ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ፤ ቁጥሩ ሲዋዥቅባቸው ሥጋቸው ከሥር ጀምሮ ይላጣል፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት። «ዋናው ቁጥሩ አይደለም ጋሼ፣ አለመዋዠቁ ነው» ይለኛል። አንድ ዲግሪ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ ነው። የዓለም ሙቀት በአንድ ዲግሪ ጨመረ ሲባል እኔ ዜና እሰማለሁ፤ እሱ ይደነግጣል።

ገንዳው ከነውር የጸዳ ነው እያልኩ አይደለም። ለሽያጭ የሚቀርቡት ኮራሎች ብዙዎቹ ከባሕር የተለቀሙ ናቸው፤ ንግዳቸውም ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ያለበት ለዚህ ነው። እርግጥ አኗሪዎቹ ከራሳቸው ቅርንጫፍ ቆርጠው ይካፈላሉ፤ የተቆረጠውም ሥር ይዞ ያድጋል። ፊልሙ ይህን ክርክር ቢነካው ኖሮ ይጠነክር ነበር። እሱ ግን ወደ መጨረሻው «ገና አልረፈደም» ብሎ ተስፋ በተሞላ ሙዚቃ ይሸኘናል። የማስታወቂያ ሰው እጅ እዚያ ላይ ይታያል።

ማየት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የቅርባችን ታሪክ ምስክር ነው። ኤርትራ በ1952 እ.ኤ.አ. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተቀላቀለች ማግስት ጣሊያኖች ካሜራና የዓሣ መውጊያ ይዘው ዳህላክ ደሴቶች ሥር ጠለቁ። ፎልኮ ኩዊሊቺ ከዚያ ጉዞ «ሴስቶ ኮንቲኔንቴ» የተባለውን ባለ ቀለም ፊልም ሠራ። የኮራሉ ውበት እነሆ ከ70 ዓመት በፊት ታይቷል። እኛ ግን ኮራልን ከምጽዋ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ አልፈን አናውቀውም። ባሕር በነበረን ጊዜም ጠባቂ አልነበርንም።

ይህን እያሰብኩ እናቴ ትዝ አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከደብረ ማርቆስ ጋምቤላ ድረስ መጥታ የጠየቀችኝ። ባሮ ዳር ወሰድኳት፤ በእንግሊዞች ጊዜ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች እዚህ ድረስ እየደረሱ ቡና ይጭኑ እንደነበር ነገርኳት። ተደነቀች። በሦስተኛው ቀን ግን ጓዟን ሸከፈች። ብንለምናት፣ ብንቆጣት፣ «ላሟን ማን ያልብልኛል?» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም። ያን ጊዜ ማናችንም «ለላም ብለሽ ነው?» አላልናትም።

ስልኬን አውጥቼ ለወንድሜ ጻፍኩለት። ኮሎራዶ ሌሊት ነው፤ ሥራ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። «ባለፈው ለአርባዋ ስትመጣ ማን ጠበቀልህ?»

ቆይቶ መለሰ። «ጎረቤቴ። ማሞቂያው ተበላሽቶ አልጠፋም ብሎ ውሃውን ሲያሞቀው ሰውዬው አላወቀም። ስድስት ዓመት ያሳደግኩት ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ለቅሶ ላይ ነበርን ጋሼ፣ ይሄ ይወራል ብለህ ነው?»

ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ «አምስት ቀን ብቻ» እያልኩ ለዘመድ ሁሉ ሳወራ ነበር።

የመሳፈሪያ ጥሪ ተሰማ፤ ሰዉ ፌስታሉን እያነሳ ተሰለፈ። ምን እንደምል ጠፋኝና «ዛሬስ ስንት ዲግሪ ነው?» ብዬ ላክሁለት።

ስልኬን ሳላጠፋ ደረሰልኝ። «25.6። እማዬ ላይ ሻማ አብራልኝ።»