«እኔ» የሚለው ማን ነው?

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው የማይለቅ አመል አለው። የተጻፈ ነገር ሲያይ፣ የመድኃኒት ማሸጊያም ይሁን የቀበሌ ማስታወቂያ፣ «ተናጋሪው ማን ነው? የሚያናግረውስ ማንን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዛሬ በዚሁ አመሌ የማነበው ጽሑፍ ልቦለድም ግጥምም አይደለም። በሆስፒታሎቻችን ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚፈረመው የስምምነት ቅጽ ነው። ይህን ያህል ሰው የፈረመበት፣ ይህን ያህል ሰው ደግሞ ያላነበበው ጽሑፍ በሀገራችን ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ቅጹ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ነው። «እኔ» ብሎ ይጀምራል፤ ባዶ መስመር ይከተላል፤ ስም ይገባበታል። ከዚያ ይህ «እኔ» የተባለው ሰው ሕክምናው በሚገባው ቋንቋ እንደተገለጸለት፣ ሊደርስበት የሚችለውን ጉዳት እንደተረዳ፣ ወዶና ፈቅዶ እንደተስማማ ይናገራል። አንዳንዱ ቅጽ ይጨምርና ለሚደርሰው ነገር ሁሉ ማንንም እንደማይጠይቅ ቃል ያስገባዋል። ተራኪና ደራሲ አንድ አይደሉም እያልኩ ተማሪ ስወተውት ኖሬአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ግን አላገኘሁም። ተራኪው ታካሚው ነው፤ ደራሲው ሆስፒታሉ። ሰውየው ያልጻፈውን፣ ብዙ ጊዜም ያላነበበውን ነገር በገዛ አፉ እንዲናገር ተደርጓል።

ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ዘመድ ላስታምም ሄጄ፣ ከጣና ደሴቶች በጀልባ የመጡ አንዲት እናት ቅጹ ሲቀርብላቸው አይቻለሁ። ነርሷ ወጣት ናት፤ ክፉ ልጅም አይደለችም፣ ቸኩላለች እንጂ።

«እማማ፣ እዚህች ላይ ጣትዎን ያሳርፉልኝ።»

«ምን ይላል ልጄ?»

«ለኦፕራሲዮኑ ነው። ተስማምቻለሁ ነው የሚለው።»

«እንግዲህ እግዜርና እናንተ ታውቃላችሁ» አሉና አውራ ጣታቸውን ሰማያዊ ቀለም አስነክተው አተሙ።

ልብ በሉ። ቅጹ «ተረድቻለሁ» ይላል፤ እሳቸው ያሉት «እናንተ ታውቃላችሁ» ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ እንዲያውም ተቃራኒ ናቸው። መዝገብ ቤት የገባው ግን እሳቸው ያላሉት ነው።

ሕጉን ብንጠይቅ ከሴትዮዋ ጋር ይቆማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው የሕክምና ምርመራንም ሆነ ቀዶ ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ሥርዓት እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ግዴታውን ባለማወቅ ወይም በቸልታ ካጠፋ ኃላፊ ያደርገዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ጭምር ለታካሚው ገልጾ ፈቃዱን መቀበልን ግዴታ አድርጓል። የሙያ ጥፋት በጣት አሻራ የሚፋቅ ቢሆን ኖሮ አንቀጽ 2031 ምን ሊሠራ ተጻፈ? (የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት፣ በኋላ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። በትርጉም የመጣው ሕግ እዚሁ በአማርኛ ከተጻፈው ቅጽ ይበልጥ ሰው ሰው መሽተቱ ይገርመኛል።)

ግን መብት በሚያምር ቃል መጻፉ ብቻውን ምን እንደሚያተርፍ የሚያሳይ አንድ የውጭ ታሪክ ልንገራችሁ። ሜሪ ሽሎንዶርፍ የተባለች ሴት ኒውዮርክ ውስጥ ለምርመራ ብቻ ተስማምታ ሆስፒታል ገባች። ኦፕራሲዮን አልፈልግም ብላለች። በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች ዕጢውን አወጡት፤ ጋንግሪን ያዛትና ጣቶቿን አጣች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1914 ዳኛ ካርዶዞ፣ አእምሮው የተሟላ አዋቂ ሰው ሁሉ በገዛ አካሉ ላይ የሚሆነውን የመወሰን መብት እንዳለው ጻፉ። ዓለም እስከ ዛሬ ይህን ፍርድ ሲጠቅስ ይኖራል። ሴትዮዋስ? ተረታች! ሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለሆነ በሐኪሞቹ ድርጊት አይጠየቅም ተባለ። መብቱ ለዓለም ተረፈ፤ ባለመብቷ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ሄደች።

የእኛም ችግር እዚሁ ላይ ነው። በየሆስፒታሉ ግድግዳ የተለጠፈውን የታካሚዎች መብት ዝርዝር አንብቡ። የታካሚው ክብር «ይጠበቃል»፣ ምስጢሩ «ይጠበቃል»፣ ቅሬታው «ይስተናገዳል»። ማን ነው የሚጠብቀው? ማን ነው የሚያስተናግደው? ግሡ አለ፣ ባለቤቱ የለም። ምስጢር ይጠበቃል ከሚለው ወረቀት ሥር አንድ ገበሬ አሥር ሰው በተሰለፈበት «ምንህን ነው የሚያምህ?» ሲባል ሰምቻለሁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረታችን እኮ ለሐኪም ንገር ማለቱ እንጂ ለሰልፈኛ ንገር ማለቱ አልነበረም።

የዚያ ግሥ ባለቤት መሆን የነበረበት ቦርዱ ነው። የአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን ራሳቸው እንዲጠቀሙና በቦርድ እንዲመሩ በአዋጅ ከፈቀዱት ቀዳሚ ክልሎች አንዱ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያም ቦርዱን ከላይ፣ ሥራ አስኪያጁን ከሥሩ አስቀመጠ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አልክድም። እስቲ ግን በር ላይ ምሳ ቋጥሮ የቆመውን አስታማሚ የቦርዱ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ጠይቁት። የሐሳብ መስጫ ሳጥኑን ያሳያችኋል። ሳጥኑ ቁልፍ አለው። ቁልፉ ያለው ቅሬታ የሚቀርብበት ሰው ቢሮ ከሆነ፣ ሳጥን ተብሎ ምን ይጠበቃል?

ባሕር ዳር ላይ ነገሩ አንድ ደረጃ ይወሳሰባል። ፈለገ ሕይወት ተጠሪነቱ ለክልሉ ጤና ቢሮ ነው፤ በአዴት መንገድ ያለው ጥበበ ግዮን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈለግ በግዕዝ ወንዝ ማለት ነው፤ ግዮንም ዓባይ ነው። ስም ማውጣት እናውቅበታለን! ሁለቱን ወንዞች በሪፈር ወረቀት የሚሻገረው በሽተኛ ግን አቤቱታው በየትኛው በኩል እንደሚፈስ ማን ነገረው? የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ በሆስፒታል ግድግዳ ላይ አድራሻው ተጽፎ ግን አላየሁም።

በዚህ ላይ ታካሚው ዛሬ ለማኝ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከመካከላቸው ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ፤ ፎገራ የጣና ጎረቤት ነው። ገበሬው በየዓመቱ ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። ከፍሎ መጥቶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ሲባል መጠየቁ ነውር የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሐኪሞቹን ብቻ መውቀስም አያስኬድም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምን ዓይነት ሌሊት እንደሚያሳልፉ የሚያውቅ ያውቀዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ የሀገሪቱ ሆስፒታሎች ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ የታሰሩ ነበሩ። የራሱን ጥያቄ ጮክ ብሎ ለመጠየቅ የሚፈራ ሐኪም፣ በሽተኛው ሲጠይቀው ትዕግሥት ይኖረዋል ብዬ አልጠብቅም።

ወደ ቅጹ ልመለስ። እኔ አርታዒው ብሆን ሁለት ነገር እጨምርበት ነበር። አንደኛው፣ ታካሚው የጠየቀው ጥያቄና የተሰጠው መልስ በራሱ ቃል የሚጻፍበት ሦስት መስመር ነው፤ ጥያቄ ያልተጻፈበት ቅጽ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አይለፍ። ሁለተኛው ቅጂ ነው። የፈረመው ሰው አንዱን ይዞ ይሂድ፤ ጀርባው ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ስምና ስልክ፣ ቦርዱ የሚሰበሰብበትም ቀን ይታተምበት።