ስለ ቶማስ ፔይን ታናሽ መጽሐፍ፤ ኀይሏና ጕድለቷ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጃንዋሪ 10 ቀን 1776 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ከተማ አንዲት ታናሽ መጽሐፍ ታትማ ወጣች። ስሟ «ኮመን ሴንስ» ነው፤ ትርጓሜውም ለሰው ሁሉ የተሰጠ የጋራ ማስተዋል ማለት ነው። የደራሲዋ ስም አልተጻፈባትም። ደራሲዋ ግን ቶማስ ፔይን ይባላል፤ በ1737 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ፥ በልብስ ስፌትና በቀረጥ ሰብሳቢነት ኖሮ፥ በ1774 ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነው።

በዚያን ጊዜ ዐሥራ ሦስቱ ቅኝ አገሮች ከእንግሊዝ ጋራ መዋጋት ከጀመሩ ዘጠኝ ወር ሊሞላቸው ነበረ። ሆኖም ብዙዎቹ በደሉን በሚኒስትሮቹና በምክር ቤቱ ላይ እንጂ በንጉሡ በሣልሳዊ ጆርጅ ላይ አያደርጉም፤ ዕርቅንም ተስፋ ያደርጉ ነበር። ፔይን ግን ቅርንጫፉን ትቶ ግንዱን መታ። ክፉ ንጉሥን ብቻ ሳይሆን ንጉሥነትን ራሱን፥ ይልቁንም ዙፋን ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉን ነቀፈ።

የመጽሐፊቱ ኀይል ከምን መጣ ቢባል፥ ከቋንቋዋ ነው። ስለ መንግሥት ይጽፉ የነበሩት ብዙዎቹ የሕግ ዐዋቂዎች ስለ ሆኑ፥ ምስክራቸው ከሮማ ታሪክና ከእንግሊዝ ሕግ ነበረ። ፔይን ግን ገበሬውና አናጢው በቤታቸው ካለው መጽሐፍ ጠቀሰ፤ ጌዴዎን ንገሥልን ሲሉት እንቢ ማለቱን፥ እስራኤልም ንጉሥ በለመኑ ጊዜ ነቢዩ ሳሙኤል ማዘኑን አመጣ። ያልተማረው ሰው ክርክሩን ሲሰማ እንግዳ ነገር አልሆነበትም፤ ራሱ ፈራጅ ሆኖ ተቀመጠ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ምሳሌ ነው። ሕጉ በታወጀበት ቀን መጽሐፈ ሕጉ በእግዚአብሔር ቃል ላይ ይቀመጥ፥ በላዩም ዘውድ ይደረግበት፥ በኋላም ዘውዱ ተሰብሮ ለሕዝቡ ይበተን ይላል። ለባለ ቅኔ ሰሙም ወርቁም ግልጥ ነው፤ ሰሙ ዘውዱ ነው፥ ወርቁም የሕግ ንጉሥነት።

የትርጓሜው ጕድለት ግን ሊሸሸግ አይገባም። የመጻሕፍት መምህር ምስክር ሲጠቅስ ላይኛውንና ታችኛውን አያይዞ ይመረምራል እንጂ የወደደውን ቈርጦ አይወስድም። ፔይን በሳሙኤል ምዕራፍ 8 ላይ ቆመ። ዳዊትንም የተመሰገነው በሰውነቱ እንጂ በንጉሥነቱ አይደለም ብሎ አለፈው። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 16 ሳሙኤል ቀርነ ቅብዑን ይዞ ወደ ቤተ ልሔም የወረደው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17ም ለንጉሥ ሥርዐት ተሠርቶለታል፤ ፈረስና ወርቅ እንዳያበዛ፥ በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ፥ ሕጉንም ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነብ ታዝዟል። እንግዲህ መጽሐፍ ንጉሥን ፈጽሞ አይሽርም፥ ያለ ሕግም አይለቀውም፤ ከሕግ በታች ያኖረዋል እንጂ።

ሁለተኛው ጕድለት የባሰ ነው። ጆን አዳምስ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፥ ፔይን ስለዚህ ክፍል በተጠየቀ ጊዜ ስቆ ዐሳቡን ከሚልተን እንደ ወሰደ መናገሩንና ብሉይ ኪዳንን መናቁን ይመሰክራል። አዳምስ የፔይን ወዳጅ አልነበረምና ቃሉ በሚዛን ይታይ፤ ነገር ግን ፔይን ራሱ ከ1794 ጀምሮ ባሳተመው «ዘ ኤጅ ኦፍ ሪዝን» በተባለው መጽሐፉ ቅዱሳት መጻሕፍትን በግልጥ ነቅፏል። ስለዚህ የክርክሩ ብርታት ከጸሐፊው እምነት ሳይሆን ከሰሚዎቹ እምነት የተበደረ ነበረ።

የወዳጆቹም ሥራ የሚያሳዝን ነው። ቻርልስ ኢንግሊስ የተባለ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ መልስ ቢጽፍ፥ በኒው ዮርክ የነጻነት ወገኖች የታተመውን ከአታሚው ወስደው አቃጠሉት። ነጻነትን የሚሰብክ መጽሐፍ ተከራካሪውን በእሳት ካስመለሰ፥ ፈራጁ ሕዝብ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሥራዋ ጸንቷል። ፔይን በሦስት ወር 120,000 ተሸጠ ብሎ ነበር፤ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ቍጥሩን ቢጠራጠሩም፥ ለብዙ ሰዎች መነበቧን የሚክድ የለም። በጁላይ 4 ቀን 1776፥ የነጻነት ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ግን ንጉሥነትን ሁሉ አልረገመም፤ የአንዱን ንጉሥ በደል አንድ በአንድ ቈጠረ እንጂ። ፔይን ሕዝቡን በሳሙኤል ቢያስነሣውም፥ ዐዋጁ የፈረደው ስሙን ሳይጠራ በዘዳግም መንገድ ነው፤ ሕግን ያፈረሰ ንጉሥ በሕግ ይጠየቃል ብሎ።

ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ነገር የሚጽፍ ሁሉ የገበያው ሰው በሚሰማው ቋንቋ መናገር ግድ ሆኖበታል፤ ይህ የፔይን ርስት ነው። ከርስቱ ጋራ ግን ዕዳውም ተላልፏል፤ ይኸውም ሕዝብ የሚያከብረውን ቃል ሳያምኑበት መሣሪያ ማድረግ። ቋንቋውን ከእርሱ የሚማር ይማር፤ ምስክር የሚጠቅስ ግን ምዕራፉን እስከ ፍጻሜው ያንብብ።