ሰማያዊው ድብ ኩቢስት ነውን?

በዴንቨር ኮንቬንሽን ሴንተር መስታወት ላይ ተደግፎ ወደ ውስጥ የሚያጮልቀውን ሰማያዊ ድብ የማያውቅ የዴንቨርና የአውሮራ ሐበሻ አይገኝም። አንዳንዱ ወገን «የልጅ መጫወቻ» ብሎ ያጣጥለዋል፤ ሌላው በሦስት ማዕዘን ገጾቹ የተነሳ «ኩቢስት» ይለዋል። ለእኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም።

ቀራጺው ሎውረንስ አርጀንት እንግሊዝ ተወልዶ፣ አውስትራሊያ ተምሮ፣ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ያስተማረና እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፈ ሰው ነው። 12 ሜትር የሚረዝመው ድብ የቆመው በ2005 ነው። በ1910ዎቹ እነ አርኪፔንኮና ሊፕሺትዝ አካልን የሰባበሩት አንዱን ነገር ከብዙ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ለማሳየት ነበር። የአርጀንት ሦስት ማዕዘኖች ግን እኛ መሐንዲሶች በየቀኑ የምናየው የኮምፒውተር መረብ ናቸው፤ ድቡ ከየትም ቢያዩት ያው ድብ ነው። ጉልበቱ ሌላ ነው፦ ደጅ ቆሞ የሚያጮልቅ እንግዳ መሆኑ። ይህንን ከስደተኛ በላይ ማን ያውቀዋል?

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ልጆቻችን ከድቡ ሥር ፎቶ ይነሳሉ፤ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ፣ በ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ላይ ሰውን በማዕዘን የሠሩበትን ጥበብ ግን ስንቶቹ ሰምተዋል? ድቡን ስናሳያቸው እርሳቸውንም እንንገራቸው።

ቸር ያሰማን።