ልዩነትን ያገናዘበ ማስተማርና የብዙ ተማሪዎች ክፍል

በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ሕፃናት ዕድሜያቸው ቢቀራረብ እንኳ የዕውቀት ደረጃቸው አንድ አይደለም። አንዱ ምንባቡን ጨርሶ ሲቁነጠነጥ ሌላው ገና ከፊደል ጋር ይታገላል። መምህሩ ግን ለሁሉም አንድ ገጽ ያስገልጣል፤ በአንድ ድምፅ ያስነብባል፤ በአንድ ጥያቄም ይመዝናል። በኅብረት የሚሰማ ድምፅ የሚያነበውን ከሚያስተጋባው አይለይም። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚያህሉት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው የጉዳዩን ክብደት ያስገነዝባል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ካሮል አን ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት፣ በ2014 ደግሞ አሻሽለው ያወጡት ልዩነትን ስላገናዘበ ክፍል የሚያትት መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ከማስተማራቸው በፊት ለረጅም ዓመታት የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ስለ ነበሩ ጽሑፋቸው ከክፍል ሥራ አይርቅም። የመጽሐፉ መሠረተ ሐሳብ መምህሩ የትምህርቱን ይዘት፣ የመማሩን ሂደትና ተማሪው የሚያቀርበውን ውጤት እንደ ተማሪው ዝግጁነት፣ ፍላጎትና የመማር ሁኔታ ያስተካክል የሚል ነው። ይህም ለእያንዳንዱ ሕፃን ለየብቻው ዕቅድ ማውጣት ማለት አይደለም። ግቡ የጋራ ሆኖ የሚለያየው መንገዱ ነው።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥረው፣ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበውና ዳዊት የሚደግመው በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር። እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ የኔታም ተራ በተራ ያደምጣሉ። ነገር ግን ትምህርቱ በቃል ጥናት ላይ ያተኮረ፣ አለንጋም የማይለየው ስለ ነበር የተሳሳተ ልጅ ስሕተቱን ለመግለጥ ይፈራ ነበር። የቶምሊንሰን መጽሐፍ ብልጫው እዚህ ላይ ነው፤ እርምጃን ማለያየት ብቻውን እንደማይበቃና ተማሪው ያለ ፍርሃት የሚጠይቅበት ድባብ የሥራው መሠረት እንደ ሆነ አጥብቆ ያስረዳል። የማያውቀውን የሚደብቅ ተማሪ የትኛው እርዳታ እንደሚገባው ሊታወቅ አይችልምና።

ይሁንና መጽሐፉ ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው የተማሪዎችን የመማር ስልት ለይቶ ማስተማር ይጠቅማል በሚለው አስተያየት ላይ ያለው እምነት ነው። ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት የጥናት ቅኝት ይህን አሠራር የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኙም። በመሆኑም መምህሩ «ይህ በዓይን፣ ያ በጆሮ የሚማር ነው» እያለ ጊዜ ከሚያባክን፣ ተማሪው ምን እንደሚችልና ምን እንደ ጎደለው ቢመረምር ይሻላል። ሁለተኛው፣ ምሳሌዎቹ በአመዛኙ ተማሪዎቹ ባልበዙበት፣ የንባብ መጻሕፍትና መዘዋወሪያ ቦታ ባለበት የአሜሪካ ክፍል ላይ የተመሠረቱ መሆናቸው ነው። ስድሳ ሕፃናት በጠባብ ደስክ ተጨናንቀው ለሚቀመጡበት ክፍል እንዳለ ሊወሰዱ አይችሉም።

ቢሆንም የብዛቱ ችግር አሠራሩን ለመተው ምክንያት አይሆንም። መምህሩ በየቀኑ አምስት ተማሪዎችን ለብቻቸው ቢያስነብብ በ12 የትምህርት ቀናት ስድሳውንም ያዳርሳል፤ ከደብተር ላይ አጭር ምልክት ማድረግ ለመዝገብ ይበቃል። ከዚያም ስለ ገበያ የሚናገር አንድ ምንባብ ለሁሉም ያቀርባል። ፊደል ያልለዩት ከካርቶን በተቆረጡ ፊደላት ከምንባቡ የተወሰዱ ቃላትን ይመሠርታሉ፤ ቀስ ብለው የሚያነቡት ሁለት ሁለት ሆነው ይደማመጣሉ፤ ያነበቡት ደግሞ በምንባቡ ላይ ጥያቄ ይጽፋሉ። መምህሩም እርዳታ ከሚሹት ጋር ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። በመጨረሻ ሁሉም ስለ አንድ ገበያ ስለሚነጋገሩ የተገለለ አይኖርም።

ምድቡ ግን ቋሚ መሆን የለበትም። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የተሠራበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀት የመረዳዳት ዓላማ ቢኖረውም፣ ምድቡ ሳይለወጥ በቆየበት ቦታ መሪው ሁልጊዜ መላሽ፣ ሌሎቹ ሁልጊዜ አድማጭ እንዲሆኑ ያደርጋል። በንባብ የሚደክም ልጅ በሒሳብ ሊቀድም ይችላል፤ ዛሬ የተረዳም በሚቀጥለው ሳምንት ረዳት ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ሁሉ በመምህሩ ትጋት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። መምህሩ የሚመዘነው ዓመቱ ሳያልቅ መጽሐፉን በመጨረሱ ከሆነ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ለመጠበቅ ቆም ማለት ጥፋት ሆኖ ይቆጠርበታል። ስለዚህ የዕቅድ ባለሙያዎች በየክፍለ ጊዜው ድርሻ ውስጥ የመከለሻና የመደጋገፊያ ጊዜ ሊመድቡ ይገባል። ክፍል የሚጎበኝ ባለሙያም «ስንተኛው ገጽ ላይ ደረሳችሁ?» ከማለቱ አስቀድሞ «ከእናንተ ጋር ያልደረሰው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከማናቸውም መመሪያ ይልቅ የክፍሉን አሠራር ሊለውጥ ይችላል።