ክረምት ያገተው አዳኝ

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1867 ለንደን ላይ ያሳተመው «የአቢሲኒያ የአባይ ገባሮች» ስሙ የሚነሣው በአደን መጽሐፍነቱ ነው። ርዕሱ ራሱ በሐምራን ዐረቦች ባለሰይፍ አዳኞች ያጌጠ ነው። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ደራሲው መንቀሳቀስ ያቃተው ጊዜ ነው፤ በ1861 ክረምት በአትባራ ዳር፣ ሶፊ በምትባል መንደር ጎጆ ገዝቶ የተቀመጠበት። (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ የእኛ ሲሆን እጠቁማለሁ።)

አትባራ የምንለው የእኛው ጓንግ ነው፤ መተማን አልፎ ሱዳን ሲገባ ስሙን ይለውጣል። ሰቲት ተከዜ ነው፣ ረሃድ ሽንፋ፣ ዲንደር አይማ። መተማ ወይም ቋራ ያደገ ሰው ይህን ይዞ ሲያነብ የገዛ ወንዞቹን ከታች ወደ ላይ እያየ መሆኑን ይረዳል።

ጎጆዋን ቤከር በዐሥር ቅርሽ ገዛት። የቆመችበት ቦታ አልተስማማውምና የመንደሩ ሰዎች የሣር ጣራዋን እንዳለ ነቅለው፣ ብዙ ሆነው ተሸክመው፣ ግድግዳዋንም አስከትለው እሱ በመረጠው ቦታ ተከሉለት። ውል የለ፣ ጠበቃ የለ፣ የስም ማዛወሪያ የለ። ቤከር ይህን እንደ አገሩ ባለርስት እየተጀነነ ይተርከዋል፤ በራሱ ላይ መቀለዱ ደግሞ ለዛ አለው። ጎረቤቱ ፍሎሪያን የሚባል ጀርመናዊ ግንበኛ ነበር፤ የካርቱምን ሚሲዮን ትቶ አዳኝ የሆነ። ኋላ አንበሳ ገደለው።

ዝናቡ ሰውዬውን ካሰረው በኋላ ብዕሩ ይለወጣል። አደኑ እዚያም ባይቀርም፣ ዐይኑ የሚያርፈው ጭቃው ላይ፣ ዝንቡ ላይ፣ ወንዙ ላይ ነው። ዐረቦቹ ሰሩት የሚሉት ተናካሽ ዝንብ ክረምት ሲገባ ግመሎቹን ያሳብዳቸዋል፤ ስለዚህ ዘላኖቹ ከብታቸውን ነድተው ወደ ሰሜን፣ ወደ አሸዋው ይሸሻሉ፤ መሬቱ ሲደርቅ ይመለሳሉ። ከብት አርቢና ገበሬ በየዓመቱ በሚገናኙበት የመተማ ቆላ ላደገ ሰው ይህ ዑደት እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሶፊ ከመድረሱ በፊት፣ በረሃው ውስጥ ሰፍሮ ሳለ ያየው ነው። አትባራ ያን ጊዜ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ጉማሬውም አዞውም ዓሣውም በቀሩት ጥቂት ኩሬዎች ተጨናንቀዋል። ሌሊት የሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ሰዎቹ «ወንዙ መጣ!» እያሉ ተነሡ። ሰኔ 24 ቀን ጠዋት ቤከር የቆመው ወርዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር በሚሆን ወንዝ ዳር ነበር። እሱ ባለበት ጠብታ ዝናብ አልጣለም፤ ውሃው የመጣው ከደጋው ነው።

ሶፊ ላይ ያን ውሃ ቀይ ቡናማ ሆኖ፣ ዳሩን እየናደ ሲወርድ ሲያየው ክርክሩ ተሟላ፦ ናይልን ዓመቱን ሙሉ የሚያቆየው የምድር ወገቡ ሐይቆች ውሃ ነው፤ የግብፅን ማሳ የሚያጥለቀልቀው ጎርፍና ዴልታውን የሠራው አፈር ግን የሐበሻ ነው። ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ ግን የአውሮፓ ጂኦግራፈሮች ልብ ምንጭ ፍለጋ ላይ ነበር፤ ቤከር ራሱም ጥቂት ቆይቶ ወደ ነጭ አባይ የሄደው ለዚያው ነው። ገባሮቹን አንድ በአንድ ማየቱ ዋናው ውለታው ነው። የማልወድለት የት እንደሚያደርሰው ነው፦ ከአስዋን በላይ ግድብ ይሠራ ይላል፤ ውሃው ለግብፅ እርሻ እንዲውል። የአስዋን ግድብ በ1902 ተጠናቀቀ። ይህን ያህል የለፋለት አፈር ከማን ማሳ እንደተጠረገ ግን ጉዳዩ አይመስልም።

ዝናቡ አባርቶ ወደ ሰቲት ሲዘልቅ መጽሐፉ ይፈጥናል፤ ይደጋገማልም። የሐምራኖቹ አደን አስደናቂ መሆኑ አይካድም፦ አንድ እጁ የሰለለው ሮደር ሸሪፍ ፈረሱን ከዝሆኑ ፊት እያሯሯጠ ዝሆኑን ወደ ራሱ ይስባል፤ ጓደኛው ከኋላ ደርሶ ይወርድና የቁርጭምጭሚቱን ጅማት በሰይፍ ይበጥሳል። አንድ ጊዜ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በአምስተኛው ገጽ ይሰለቻል።

መተማ ሲደርስ ደግሞ ችኮላው ያሳፍራል። በ1862 የነበረችው መተማ፣ እሱ ጋላባት የሚላት፣ ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮች የሚያስተዳድሯት፣ ለአፄ ቴዎድሮስም ለግብፅም የምትገብር፣ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ለሁለት ጌታ እያደሩ መኖር ምን ዓይነት ብልሃት እንደሚጠይቅ መጠየቅ የሚችል ሰው ነበር፤ ሶፊ ላይ ስለ ዝንብ ያን ያህል የጠየቀ! እሱ ግን ሼኩን ይንቃል፣ ሕዝቡን ይሳደባል፣ ያልፋል። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ወደ ቴዎድሮስ ለሚጓዙት ሁለት ጀርመን ሚሲዮናውያን እንኳ ከባለአገሩ የተሻለ ዐይን ሰጥቷቸዋል።

የባሪያ ገበያውን ያያል፤ ይጸየፈዋልም። እዚህ ላይ ግን የመጽሐፉ ትልቁ ዝምታ ይሰማል። በጉዞው መሃል እህል የምትፈጭለት ሲያጣ ባራኬ የምትባል ሴት ገዝቶ «ነፃ ነሽ» ይላታል፤ እሷ እንደ ጋብቻ ቆጠረችው ብሎ ያስቃል። አጠገቡ ቆማ ያንን ያየችው፣ ኋላ ሚስቱ የሆነችው ፍሎረንስስ? የሕይወት ታሪኩን የጻፉት እንደሚሉት እሷን ራሷን ያገኛት በ1859 ቪዲን ከተማ በባሪያ ጨረታ ነው፤ የተጋቡትም በ1865። መጽሐፉ «ባለቤቴ» ብሎ ያልፋታል። ክብሯን ለመጠበቅ ዝም ማለቱ ይገባኛል፤ በባራኬ መሳቁ ግን ከዚያ ዝምታ ጎን ሲቀመጥ ይጎመዝዛል።

የአደን ምዕራፎቹን ዝለሏቸው እንዳልል የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. ቋራ ውስጥ የተከለለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይዋሰናል፤ በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች አንበሳ መኖሩን በካሜራ ሲያረጋግጡ ዜናው ዓለምን ዞሯል። በዚህ አገር ቀድሞ ምን አውሬ እንደነበረ ለማወቅ መጽሐፉ ይጠቅማል፤ ቤከር ዝሆን፣ አውራሪስ፣ ቀጭኔ፣ ጎሽ የገደለበትን ሁሉ በወንዝ ስም ይመዘግባል። ከዚያ ምዝገባ ላይ ጓንግን፣ ተከዜን፣ ሽንፋንና አይማን ለይቶ ማውጣት የአንድ ትጉህ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።