ሕልሙ የማን ነው?

ኪነ ጥበብ ከውኑ ዓለም ጋር ያለው ግንኙነት በየዘመኑ ሐያስያንን ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ይኸው ጉዳይ ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እንደገና ተነሥቶ ነበር። የሱሪያሊዝም ተከታይ የሆነ አንድ የፊልም አዘጋጅ ለተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። የንግግሩ ፍሬ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው፤ ከጥበባት ሁሉ ለሕልም የቀረበው ሲኒማ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ተመልካቹ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሰው ይሆናል፤ ስለዚህ ፊልም የከያኒውን ውስጣዊ ዓለም ያለ ይሉኝታ ሊገልጥ ይገባዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አንድሬ ብሬቶን እ.ኤ.አ. በ1924 የሱሪያሊዝምን መግለጫ ካወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሉዊስ ቡኙኤል ከሳልቫዶር ዳሊ ጋር «የአንዳሉዝያ ውሻ» የተባለውን አጭር ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። ቡኙኤል እ.ኤ.አ. በ1953 በሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግርም ሲኒማ የግጥም መሣሪያ መሆኑን አስረድቶ፣ ኒዮሪያሊስቶችን ምስጢር ጎድሏቸዋል ሲል ነቅፏል። የእኛም ተናጋሪ የተከተለው ይህንኑ ፈለግ ነው።

ንግግሩ እንዳበቃ ከሰቆጣ የመጣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ የእኛን አገር ሰው ካሜራ ያየው በተራበ ጊዜ ነው። ሕልሙን ማን ቀረጸለት?» ሲል ጠየቀ። ተናጋሪውም ሕልም አገር የለውም ብሎ አለፈው። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም።

ጥያቄው ከባድ ነው። ዋግ ያኔ በሥሩ የነበረበት የወሎ ጠቅላይ ግዛት በረሃብ ሲያልቅ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የረሃቡን ምስል ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ምስል ጋር አሰባጥሮ አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ምስሎችን አጠገብ ለአጠገብ አኑሮ ሦስተኛ ትርጉም ማፍለቅ ሱሪያሊስቶች አጥብቀው የሚወዱት ዘዴ ነው። እዚህ ላይ ግን ምስሎቹ ሁለቱም ከሕልም የመጡ ሳይሆኑ እውነት ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ከዋግና ከአካባቢው የተሰደደ ሕዝብ በተጠለለበት በኮረም ሞሐመድ አሚን የቀረጸውን፣ ማይክል በርክም የተረከውን ዜና ዓለም አይቶ እጁን ዘረጋ። ፊልሞቹ ሕይወት አትርፈዋልና ውለታቸው አይካድም። ሆኖም በሁሉም ገበሬው ታዪ እንጂ አላሚ አይደለም።

ለመሆኑ የሕልም ጌታ የተባለው ቡኙኤል ራሱ ወደ ድሃ ተራሮች በሄደ ጊዜ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ስፔኑ ላስ ኡርዴስ ባቀረበው ፊልም የምናየው ረሃብና በሽታ ነው። ከገደል የምትወድቀው ፍየል በጥይት ተመትታ ነው፤ የጠመንጃው ጭስ በምስሉ ጠርዝ ላይ ይታያል። የስፔን መንግሥት ፊልሙን አገደው፤ የአካባቢው ሰዎችም ቅሬታውን ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላለፉት። ፊልሙ ኃይለኛ ነው፤ የተመልካችን ምቾት ያናጋል። ይሁን እንጂ በውስጡ ከሚታዩት ሰዎች አንዱ እንኳ ሲያልም አናይም። ሕልም የከያኒው፣ ረሃብ የገበሬው ሆኖ ቀርቷል።

የዚህን ተቃራኒ ከራሳችን ሰው ሥራ እናገኛለን። በጎንደር የተወለደውና ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኖረው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974፣ አገሪቱ በለውጥ ማዕበል ውስጥ ሳለች ነው። የፊልሙ አካሄድ ዝግ ያለ ነው፤ እርሻውን፣ ከብቱን፣ የባላባቱን ቁጣ በትዕግሥት ያሳያል። በመካከሉ አንዲት የገበሬ ልጅ ታልማለች፤ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው፣ ባላባቱ እየገረፈ ሲያርሱ ታያለች። ምልክቱ ግልጽነት ስለ በዛበት ከፖስተር አይርቅም የሚል ሐያሲ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕልሙ የልጅቱ ነው፤ ቀን ካየችው ቀንበር የወጣ ነው። «ጤዛ»ም እ.ኤ.አ. በ2008 ለተማረው አንበርብር ቅዠት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በሁለቱም ሥራዎች ሕልም ከውኑ ዓለም መሸሻ ሳይሆን ወደ እርሱ መመለሻ ነው።

እንግዲህ ሕልም አገር የለውም የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሕልም ቢያንስ ቋንቋ አለው፤ በዋግ ደጋ ያደገ ልጅ በኽምጣና ሊያልም ይችላል። በሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ የዋግ ሹማምንት ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖችን ይዟል። ሙታኑ ሳይፈርሱ በኖሩበት አገር ሕያዋኑ በረሃብ ተሰደዱ፤ ይህን ያህል እንግዳ ምስል ከፓሪስ መበደር አያስፈልግም። ግን እንግዳነቱን ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ካሜራ ሌላ የላስ ኡርዴስ ፊልም ከመሥራት አያልፍም።

ተማሪው የጠየቀው ምጽዋት አይደለም፤ የአላሚነት መብት ነው። ለዚህም ተገቢው መልስ ጭብጨባ ሳይሆን፣ ካሜራውን ለእርሱና ለመሰሎቹ ማቀበል ነው።